የቻይና ሰሜን ምዕራብ ሙስሊሞች ማዕድ፤ ከአሶሳ ሆኖ ሲታይ

በአሶሳና በዙሪያዋ ባሉ መስጂዶች ከጁሙዓ ሰላት በኋላ ለኢማሞች ከሚቀርቡት ጥያቄዎች መካከል ከዓመት ወደ ዓመት እየበረከተ የመጣ አንድ አለ፤ «የቻይና ምግብ ይበላል ወይ?» የሚል። ጠያቂዎቹ የተለያዩ ናቸው። አንዱ በመንገድ ሥራ ወይም በማዕድን ካምፕ ከቻይናውያን ጋር ውሎ የሚገባ ወጣት ነው። ሌላው ዕቃ ሊያመጣ ወደ ጓንግዡ የሚመላለስ ነጋዴ ነው። ሦስተኛዋ የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝታ ሻንጣዋን የምታዘጋጅ ተማሪ ናት። መልሱ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «እነርሱ ያገኙትን ሁሉ ይበላሉና ራቁ» ይባላል። እኔም በመምህርነቴ መጀመሪያ ዓመታት ይህንኑ መልስ ስሰጥ ነበር።

መልሱ ሁለት ጉድለት አለበት። የመጀመሪያው የዕውቀት ጉድለት ነው። ቻይና አንድ ማጀት ያላት አገር አይደለችም፤ በውስጧ ከሺህ ዓመት በላይ በሙስሊም እጅ ሲዘጋጅ የኖረ፣ የራሱ ስም፣ የራሱ ምልክትና የራሱ አደብ ያለው ማዕድ አለ። ሁለተኛው ጉድለት የባሰ ነው። መልሱ ለተማሪው ሕግን ሳይሆን መጸየፍን ያስተምረዋል፤ መጸየፍ ደግሞ በሕግ ስም ከተነገረ ዞሮ የራሳችንን ድስት ይነካል። በበርታና በጉሙዝ ቤቶች የሚበላውን የሽመል ቡቃያ አይቶ «ይህ የጃሂሊያ ምግብ ነው» ያለ ወጣት ኡስታዝ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ስለ ቻይና ሰሜን ምዕራብ ሙስሊሞች ማዕድ ይናገራል፤ ዓይኑን ግን ከአሶሳ ገበያ አያነሣም።

ማዕዱ የማን ነው?

የምንናገረው ስለ ሁዊ ሙስሊሞች ነው። በ2020 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው የቻይና ሕዝብ ቆጠራ ቁጥራቸው ከ11 ሚሊዮን በላይ ነው። ቋንቋቸው ቻይንኛ ነው፤ መዝሃባቸው በአብዛኛው ሐነፊ ነው። በመላው ቻይና ተበትነው ቢኖሩም ጥቅጥቅ ብለው የሚገኙት በጋንሱ፣ በቺንግሃይ፣ በሻንሺ (ዋና ከተማዋ ሺአን በሆነችው ክፍለ ሀገር) እና በ1958 (እ.ኤ.አ.) የሁዊ ራስ ገዝ ክልል ሆና በተመሠረተችው በኒንግሺያ ነው። ቱርክኛ ቀመስ ቋንቋ የሚናገሩት የሺንጂያንግ ዊጉሮች ማዕድ ሌላ ነው፤ እርሱን እዚህ አንነካውም።

እስልምና ወደ ቻይና የገባበትን ጊዜ በተመለከተ የታንግ ሥርወ መንግሥት መዛግብት በ651 (እ.ኤ.አ.)፣ ማለትም በዑስማን ኢብን ዐፋን (ረ.ዐ.) የኸሊፋነት ዘመን፣ የዐረቦች መልእክተኛ ወደ ቤተ መንግሥቱ መድረሱን ይጠቅሳሉ። የሁዊዎች የአፍ ታሪክ ግን ነገሩን ወደ እኛ ያስጠጋዋል። በዚህ ታሪክ መሠረት ሰሃባው ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) ከሐበሻ ምድር በባሕር ተነሥተው ቻይና ደርሰዋል፤ በጓንግዡ ያለው ጥንታዊ የሁዋይሸንግ መስጂድም በእርሳቸው ስም ይነሣል፣ መቃብራቸው ነው የሚባል ስፍራም እዚያው ይዘየራል። የታሪክ ሊቃውንት ይህን አይቀበሉትም፤ የሲራና የጠበቃት ኪታቦች ሰዕድ (ረ.ዐ.) በመዲና አቅራቢያ አርፈው በበቂዕ መቀበራቸውን ይናገራሉና። በሐበሻ ሙሃጂሮች ዝርዝር ውስጥ የሚገኘው የወንድማቸው የዓሚር ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) ስም ነው። ሆኖም ዘገባው እንደ ታሪክ ባይጸናም፣ የሩቅ ምሥራቅ ሙስሊም ወደ ራሱ መነሻ ሲመለከት ሐበሻን በመንገዱ ላይ ማየቱ ለእኛ መምህራን ትንሽ ነገር አይደለም።

ነጋዴዎቹና ወታደሮቹ መጡ፣ አገቡ፣ ቀሩ። በተለይ በሞንጎሎች ዘመን ከመካከለኛው እስያና ከፋርስ ብዙ ሙስሊሞች ወደ ቻይና ገብተዋል። በ1330 (እ.ኤ.አ.) ሁ ስሁዊ የተባለው የቤተ መንግሥት የምግብ ሐኪም ባዘጋጀው መጽሐፍ ውስጥ የበግ ሾርባዎች በብዛት ተዘርዝረዋል፤ በብዙዎቹም ሽምብራ ይገባል፤ ሽምብራውም የሚጠራው «የሙስሊም ባቄላ» ተብሎ ነው። ከሙንም በቻይንኛ ስሙ የፋርስኛውን «ዚራ» ድምፅ ይዞ ቀርቷል። ከስሞቹ በላይ የማዕዱን ጣዕም የወሰነው ግን መሬቱ ነው። የቻይና ሰሜን ምዕራብ ደረቅና ብርዳማ ነው፤ ሩዝ የደቡብ ነው፣ ስንዴና በግ የሰሜን። ስለዚህ የእነዚህ ሙስሊሞች መብል እንደ ጎረቤቶቻቸው ሁሉ ሊጥ፣ መረቅና ሥጋ ሆነ፤ ከጎረቤቶቻቸው የተለዩት ሥጋው የምን እንደሆነና እንዴት እንደታረደ በመጠየቃቸው ነው።

የተቆረሰ ቂጣና የተሳበ ሊጥ

በሺአን ከተማ በ742 (እ.ኤ.አ.) እንደተመሠረተ የሚነገርለት ታላቁ መስጂድ አለ። በዙሪያው ባለው የሙስሊሞች ሰፈር የሚቀርበው «ያንግሮው ፓኦሞ» የተባለ ምግብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ለተመጋቢው ጠንከር ያለ፣ እምብዛም ያልቦካ ቂጣ በባዶ ጎድጓዳ ሳህን ይሰጠዋል። እጁን ታጥቦ ቂጣውን ራሱ ይቆርሳል፤ ቁራሹም እንደ አኩሪ አተር ፍሬ ማነስ አለበት። ችኩል ሰው ትልልቅ አድርጎ ቢቆርስ ወጥ ሠሪው ይታዘበዋል። ከዚያ ሳህኑ ወደ ማጀት ይመለስና ቂጣው ለረጅም ሰዓት በተቀቀለ የበግ መረቅ ውስጥ ይበስላል፤ ሥጋው ከላይ ይደረጋል፤ በጎን በስኳርና በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ነጭ ሽንኩርት ይቀርባል። ቂጣው ቀስ ብሎ በሚቆረስበት ጊዜ ሰዎች ይጨዋወታሉ፤ ግማሹ ደስታ እዚያ ላይ ነው ይላሉ።

ይህ ፍትፍት ነው። ዐረቦች ሰሪድ የሚሉትም ይኸው ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የእናታችንን የዓኢሻን (ረ.ዐ.) ብልጫ ሲገልጹ በሰሪድ ከሌሎች ምግቦች መብለጥ መስለውታል፤ ቅድመ አያታቸው ሃሺምም ይህን ስም ያገኙት በድርቅ ዘመን ለመካ ሰዎች ቂጣ ቆርሰው በመረቅ በማብላታቸው እንደሆነ የሲራ ሊቃውንት ጽፈዋል። ከድንበር ማዶ ሱዳኖች ፈታ ይሉታል። አንድ የመድረሳ መምህር «ሰሪድ» የሚለው ቃል ኪታብ ላይ ሲደርስ ለተማሪዎቹ ምን ብሎ ይተረጉማል? ብዙዎቻችን «ዐረቦች የሚበሉት ምግብ» ብለን እናልፋለን። የሺአኑ ወጥ ሠሪ ግን የራሱን አገር ሳህን ነው የሚያየው፤ የእኛም ደረሳ የእናቱን ፍትፍት ቢያይ ሐዲሱ ይበልጥ ይገባዋል።

የማዕዱ ሁለተኛ ዓምድ የላንዡ ኑድል ነው። በጋንሱ ዋና ከተማ በላንዡ በ1915 (እ.ኤ.አ.) ገደማ ማ ባኦዚ የተባሉ ሁዊ ሰው ዛሬ የሚታወቀውን መልክ እንደሰጡት ይነገራል። ሊጡ አይዳመጥም፣ አይቆረጥም፤ በሁለት እጅ እየተሳበና እየታጠፈ እንደ ፀጉር እስኪቀጥን ይወርዳል፤ የሚሻ ሰው እንደ ባሮ ሽንኩርት ቅጠል ሰፋ ያለ ያዝዛል። ሊጡ እንዲሳብ የሚያደርገው ቀድሞ ከአንድ የበረሃ ቁጥቋጦ አመድ የሚገኝ ጨው መሰል ንጥረ ነገር ነበር። ጥሩ ሳህን በአምስት ነገር ይለያል፤ መረቁ ጥርት ያለ፣ ፍጅሉ ነጭ፣ የበርበሬ ዘይቱ ቀይ፣ የድንብላሉና የነጭ ሽንኩርቱ ቅጠል አረንጓዴ፣ ኑድሉ ወደ ቢጫ የሚያደላ መሆን አለበት። የከብት አጥንት በሚቀቀልበት መረቅ ዝንጅብልና ቀረፋ ይገባሉ፤ ከእኛ ኮረሪማ ጋር የአንድ ቤተሰብ የሆነ፣ ጭስ ጭስ የሚል ቅመምም ይገባል። በርበሬውን በተመለከተ ደግሞ እኛም እነርሱም ባለቤቶች አይደለንም፤ ከአሜሪካ ምድር በመርከብ የመጣ እንግዳ ነው። ዛሬ ግን በርበሬ የሌለበትን ወጥም ሆነ የላንዡን ሳህን ማን ያስበዋል?

ሌሎቹን ባጭሩ ልለፋቸው። በሊንሺያና በኒንግሺያ በጨው ብቻ ተቀቅሎ በእጅ የሚበላ የበግ ሥጋ አለ፤ እንግዳ ሲመጣ የክብር ማዕድ ይኸው ነው። ክዳን ባለው ስኒ የሚቀርብ፣ ቴምር መሰል ቀይ ፍሬ፣ ዘቢብና የስኳር ድንጋይ የሚገባበት ሻይም አለ፤ እንግዳው ክዳኑን እስኪገጥም ድረስ አስተናጋጁ ውኃ መጨመሩን አያቆምም።

ንጹሕና እውነተኛ

ሁዊዎች ለዚህ ማዕድ የሚሰጡት ስም «ቺንግዠን» ነው። የመጀመሪያው ክፍል «ንጹሕ»፣ ሁለተኛው «እውነተኛ» ማለት ነው። መስጂድም የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው፤ «የቺንግዠን ቤት» ይባላል። የሚሰገድበትና የሚበላበት በአንድ ቃል መጠራታቸው ሁዊዎች ነገሩን እንዴት እንደሚያዩት ያሳያል። በናንጂንግ የኖሩት ሊቅ ሊዩ ዥ በ1710 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት «ቲያንፋንግ ዲያንሊ» በተባለው የፊቅህና የአደብ መጽሐፋቸው ስለ ምግብና መጠጥ ራሱን የቻለ ክፍል ሰጥተዋል። በቻይናውያን ፍልስፍና ቋንቋ፣ የሚበላው እንስሳ ባሕርይ በበላተኛው ባሕርይ ላይ እንደሚያርፍ፣ ስለዚህም ገራምና ንጹሕ የሆነው እንደሚበላ፣ ነጣቂና ቆሻሻ የሆነው እንደሚተው ያስረዳሉ። ሕጉ የሸሪዓ ነው፤ ማስረጃ አቀራረቡ ግን ኮንፊሽየስን ያነበበ ሰው እንዲገባው የተሠራ ነው። ከእኛ ዑለማእ መካከል በግዕዝ ፊደል፣ በአፋን ኦሮሞና በሌሎች የአገር ቋንቋዎች የጻፉና ያስተማሩ ይህን ድካም ያውቁታል።

ቀድሞ የሙስሊም ምግብ ቤት በደጁ ላይ የሚሰቅለው ምልክት የማንቆርቆሪያ ሥዕል ነበር፤ የውዱእ ኢብሪቅ መሆኑ ነው። ማንበብ የማይችል መንገደኛም ያውቀዋል። በኋላ የዐረብኛ ጽሑፍ ተጨመረ። በ2019 (እ.ኤ.አ.) የቤጂንግ ባለ ሥልጣናት የሐላል ምግብ ቤቶች ዐረብኛ ጽሑፍና እስላማዊ ምልክቶችን ከደጃቸው እንዲያነሡ ማዘዛቸው በዓለም የዜና ወኪሎች ተዘግቧል። በመሆኑም የእኛ ነጋዴ «ሐላል» የሚለውን ቃል በዐረብኛ ስላላየ ብቻ ሐላል ምግብ የለም ብሎ እንዳይደመድም፣ ሁለቱን የ«ቺንግዠን» የቻይንኛ ምልክቶች ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል።

እርዱን በብዙ የሁዊ መንደሮች የሚያከናውኑት ኢማሙ፣ በእነርሱ አጠራር «አሆንግ»፣ ናቸው፤ ቃሉ ከፋርስኛው «አኹንድ» የመጣ ነው። የዕቃ መለየትም ጥብቅ ነው፤ የአሳማ ሥጋ በነካው ድስት የተሠራ ነገር አይበሉም። ይህ ለኢትዮጵያ ሙስሊም አዲስ አይደለም። የሙስሊም ሥጋ ቤትና የክርስቲያን ሥጋ ቤት በአንድ መንገድ ላይ ሁለት ምልክት ሰቅለው የሚኖሩበት አገር ልጆች ነን። ሆኖም አንድ ልዩነት መታወቅ አለበት። የቻይና ሙስሊም ከጎረቤቱ እርድ የሚርቀው ጎረቤቱ በአብዛኛው የመጽሐፉ ባለቤት ስላልሆነ ነው፤ በዚህ ላይ መዝሃቦቹ አይለያዩም። እኛ ዘንድ ግን ጎረቤቱ ክርስቲያን ነው፤ ስለ አህለል ኪታብ እርድ በኪታቦች ያለው ሕግ የታወቀ ነው፤ ልማዳችን ግን በዘመናት የጋራ ኑሮና የማንነት ጥበቃ ምክንያት ከኪታቡ ጠብቆ ቆሟል። ልማዱን የሚነቅፍ ነገር እየተናገርኩ አይደለም። መምህሩ ግን ለተማሪው ሲያስረዳ የቱ ሑክም፣ የቱ ዑርፍ እንደሆነ መለየት አለበት፤ አለዚያ ልጁ ቻይና ሲደርስ ወይ ሁሉንም ይፈቅዳል ወይ በረኀብ ያድራል።

አንድ ሌላ የልዩነት በር የባሕር ምግብ ነው። ሐነፊው ሁዊ ከባሕር እንስሳት ዓሣን እንጂ ሸርጣንን አይበላም። በማሊክ መዝሃብ ግን የባሕር እንስሳ በጥቅሉ የተፈቀደ ነው። በቤኒሻንጉል እስልምና በአመዛኙ የማሊኪ ፊቅህ ከጸናበት ከሱዳን በኩል እንደመግባቱ፣ ከሁዊ ወንድሙ ጋር በጓንግዡ አንድ ገበታ የቀረበ የአሶሳ ሰው አንዱ ሲተው ሌላው ቢበላ ማንም ማንንም ሊያወግዝ አይገባም። በአህያ ሥጋ ላይ ግን እንዲህ ያለ ስፋት የለም። በ2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ በቻይናውያን ባለሀብቶች የተከፈተው የአህያ ቄራ በሕዝብ ቅሬታ በሳምንታት ውስጥ ሲዘጋ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የተቃወመው በመጸየፍና ለጭነት እንስሳው በመሳሳት ነበር። ሙስሊሙ ከዚህ ሌላ የኸይበር ዕለት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የቤት አህያን ሥጋ የከለከሉበት ሐዲስ አለው። ሁዊዎችም አይበሉትም።

ማሽላ፤ ከመጠጥ እስከ ኮምጣጤ

ማሽላ የእኛ አካባቢ ልጅ ነው። በምሥራቅ ሱዳን ከከሰላ አቅራቢያ የተገኙ ቅሪቶች ሰው ማሽላን ማልመድ የጀመረው ከ5,000 ዓመት በፊት መሆኑን ያሳያሉ። ከዚያ በሕንድ በኩል እየተሻገረ ቻይና ደረሰ፤ ቢያንስ ከሞንጎሎች ዘመን ጀምሮ በሰሜን ቻይና ተስፋፍቶ «ጋኦሊያንግ» ተባለ። በበርታ ቤት ማሽላ ገንፎ ነው። ከደረቀ ባሚያ ዱቄት በተሠራ፣ ልጥልጥ በሚል ወጥ ይበላል፤ ባሚያውን በርታዎች ከንከሴ፣ ጉሙዞች አንደሃ ይሉታል። በቻይና ግን የማሽላ ትልቁ ዕጣ ሌላ ሆነ፤ «ባይጁ» የተባለው ብርቱ አረቄ፣ ስመ ጥሩውን ማኦታይ ጨምሮ፣ የሚወጣው ከእርሱ ነው። የሻንሺ (ከሺአን በስተምሥራቅ ያለችው፣ በስም የምትመስላት ሌላ ክፍለ ሀገር) ጥቁር ኮምጣጤም የማሽላ ነው።

እንግዲህ አንድ እህል ሦስት መልክ አለው፤ ገንፎ፣ አስካሪ መጠጥ፣ ኮምጣጤ። ሕጉን የሚወስነው እህሉ አይደለም። በሙስሊም ሰሒሕ ጃቢር (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት ሐዲስ፣ ከየመን የመጣ አንድ ሰው በአገሩ ከማሽላ ስለሚጠመቅ ሚዝር ስለተባለ መጠጥ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ጠየቃቸው። እርሳቸው መጀመሪያ ያነሡት ጥያቄ ያሰክር እንደሆነ ነበር፤ ያሰክራል ሲባሉ ብያኔውን በአስካሪ ሁሉ ላይ አደረጉት። በአቡ ዳዉድ ሱነን ደግሞ «ጉበይራእ» የተባለው መጠጥ ተከልክሏል፤ አቡ ዑበይድ ቃሉን ሲፈቱ ሐበሾች ከማሽላ የሚሠሩት መጠጥ ነው ብለዋል። ስለዚህ ይህ ጉዳይ ለእኛ አገር ከመጽሐፍ ውጭ የመጣ አዲስ ጥያቄ አይደለም፤ ስማችን ተጠርቶ የተነገረን ነው።

እዚህ ላይ የእኛን ቤት ልንደብቅ አይገባም። በክልላችን ደቦ ሲወጣ፣ ሠርግ ሲደገስ ከማሽላ የሚጠመቅ መጠጥ በሙስሊም ቤትም ሲቀርብ ታይቷል፤ «የእህል ነው፣ የወይን አይደለም» የሚል ምክንያት ይሰጣል። ምክንያቱ በፊቅህ ታሪክ ውስጥ ሥር አለው። ኢማም አቡ ሐኒፋ ከወይንና ከቴምር ውጭ ባሉ መጠጦች ላይ፣ እስከ ስካር ካልደረሱ፣ ሰፋ ያለ አቋም ነበራቸው፤ ነገር ግን ከተማሪዎቻቸው ኢማም ሙሐመድ ኢብን አልሐሰን ተቃራኒውን ይዘዋል፤ የመዝሃቡ ፈትዋም በእርሳቸው ቃል ጸንቷል። ማሊክና ሻፊዒይ ብዙው የሚያሰክር ትንሹም ሐራም ነው ባዮች ናቸው። የማሊክን መዝሃብ ይዤአለሁ የሚል የአሶሳ ሰው የሐነፊን የተተወ ቃል ለደቦው ብቻ ሊዋስ አይችልም። ያልሰነበተ ቀሪቦን የመሰለ የማያሰክር መጠጥ ግን «መጠጥ» ተብሎ ስለተጠራ ብቻ አይወገዝም፤ ሰንብቶ ሲፈላ ደግሞ ስሙ ስላልተለወጠ ብቻ አይፈቀድም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የጠየቁት ስሙን ሳይሆን ሥራውን ነበርና።

ኮምጣጤው ለክርክር የሚመች ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ኮምጣጤን ለእንጀራ ማባያነት አወድሰዋል። የማሽላው ኮምጣጤ ሲሠራ እህሉ አስቀድሞ ይቦካና አስካሪ ደረጃ ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ ኮምጣጤነት ያልፋል። ሐነፊዎች ኸምር በራሱም ሆነ በሰው ሥራ ወደ ኮምጣጤ ቢለወጥ ንጹሕ ነው ይላሉ። ሻፊዒዮችና ሐንበሊዮች በራሱ የተለወጠውን ይቀበላሉ፤ በሰው እጅ እንዲለወጥ የተደረገውን አይቀበሉም። በማሊኪዮች ዘንድ ሥራው ቢወቀስም ውጤቱ ይበላል የሚለው የታወቀው ቃል ነው። እኔ እንደማየው ከመነሻው ለኮምጣጤ ታስቦ የተዘፈዘፈና ማንም እንደ መጠጥ ያልቀዳው ነገር «ኸምር ይዞ ቆየ» የሚባል አይደለም፤ ገበያ ላይ ያለውን የቻይና ኮምጣጤ የሚበላ ሰውም አይወቀስም። ወደ ወጥ የሚጨመረው የሩዝ መጠጥ ግን ከዚህ ይለያል። በብዙው የቻይና ወጥ ቤት የሥጋን ሽታ ለማጥፋት አስካሪ የሩዝ መጠጥ እንዳለ ይጨመራል፤ «እሳት ላይ ተኖ ያልቃል» የሚለው ማመካኛ አያድንም፤ ከነአስካሪነቱ ነው ድስት የገባው። አደባቸውን የጠበቁ የሁዊ ወጥ ሠሪዎች በእርሱ ፋንታ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ያበዛሉ። ወጡም አልጎደለበትም።

የሽመል ቡቃያ

አፍሪካ ካላት የቀርቀሃ ደን ትልቁ ድርሻ የኢትዮጵያ ነው፤ ከዚያም ብዙው ቆላማው ሽመል ነው፤ ሽመልም በብዛት ያለው በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ነው። ክረምት ሲገባ ቡቃያው መሬት ሰንጥቆ ይወጣል፤ በርታና ጉሙዝ ቆርጠው፣ ልጠው፣ ቀቅለው ይበሉታል፤ በገበያም ይሸጣል። የእህል ጎተራ በሚሳሳበት በዚያ ወቅት ብዙ ቤት ያሻገረ ምግብ ነው። ቻይናውያንም የቀርቀሃ ቡቃያ ይበላሉ፤ በተለይ የደቡቡ ሰው ያለ እርሱ አይሆንለትም። የእነርሱ በቆርቆሮ ታሽጎ በአዲስ አበባ ትልልቅ መደብሮች በውድ ዋጋ ሲሸጥ «የቅንጡ ምግብ» ይባላል፤ የእኛ እናቶች መሬት ላይ ዘርግተው ሲሸጡት «የድሃ» ይባላል፤ ከዚያ አልፎ፣ በመግቢያዬ እንደጠቀስኩት፣ ሃይማኖት እንደጎደለው ይቆጠራል።

ለዚህ የሚበቃው መልስ የዶብ ሐዲስ ነው። የተጠበሰ የበረሃ እንሽላሊት ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቀርቦላቸው እጃቸውን ሰበሰቡ። ኻሊድ ኢብን አልወሊድ (ረ.ዐ.) ሐራም እንደሆነ ጠየቁ። እርሳቸውም አለመሆኑን፣ ነገር ግን በወገኖቻቸው ምድር ስለማይገኝ ነፍሳቸው እንደማትቀበለው ገለጹ። ኻሊድም ወደ ራሳቸው ስበው እያዩአቸው በሉ። በዚህ አንድ ገበታ ላይ መጸየፍም አለ፣ መፍቀድም አለ፤ ሁለቱ አልተምታቱም። ሐነፊዎች እንሽላሊቱን በሌላ ማስረጃ ይጠሉታል፤ ያ የፊቅህ ክርክር ነው። የሐዲሱ አደብ ግን ለመዝሃብ ሁሉ ነው። የእንስሳ ጉዳይ እንዲህ ከሆነ፣ በመሠረቱ የተፈቀደ የሆነው የምድር ቡቃያማ እንዴት ይነወራል?

በቡቃያው ላይ የሸሪዓ ጥያቄ ካለ የጉዳት ጥያቄ ነው። ጥሬው ቡቃያ ሲበላ ወደ ሳያናይድ መርዝ የሚለወጥ ንጥረ ነገር አለው፤ በሚገባ ሲቀቀልና ውኃው ሲደፋ ይጠፋል። እናቶቻችን ይህን ያወቁት ያለ ቤተ ሙከራ ነው፤ የቻይና ወጥ ሠሪዎችም እንዲሁ። የመድረሳ መምህር ስለዚህ ምግብ አንድ ነገር መናገር ካለበት፣ ይህን መጠንቀቅ ይናገር።

የበዓል ቂጣና የሙት ሰደቃ

ሁዊዎች በዒድ፣ በመውሊድና ሙት በሚታሰብበት ቀን «ዮውሺያንግ» የተባለ፣ በዘይት የተጠበሰ ክብ ቂጣ ይሠራሉ። ሴቶቹ ገላቸውን ታጥበው፣ በቢስሚላህ ጀምረው ነው የሚጋግሩት፤ ለመስጂድና ለጎረቤት ይከፋፈላል። ከእኛ የሰደቃ ንፍሮና ቂጣ ጋር የሚመሳሰል ነገር ነው፤ ክርክሩም ይመሳሰላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሐጅ አድርገው የተመለሱት ማ ዋንፉ (በ1934 (እ.ኤ.አ.) ያረፉ) የመሠረቱት እንቅስቃሴ በዚህ ላይ ተነሣ፤ ቁርኣን የቀራ አይብላ፣ የበላም አይቅራ የሚል መፈክር ያዘ። በአንዳንድ መንደሮች መስጂድ እስከ መለየት ተደረሰ።

ዛሬ በእኛም መንደሮች በሙት ሰደቃ ምክንያት የማይነጋገሩ ጎረቤቶች አሉና ይህን ታሪክ በጥሞና ማንበብ ይገባል። የማ ዋንፉ ተቃውሞ በዋነኛነት ያነጣጠረው ቁርኣን መቅራት መተዳደሪያ በመሆኑ ላይ፣ ድሃውም ሙቱን ለማሰብ በመበደሩ ላይ ነበር። ይህ ሊመረመር የሚገባ የፊቅህ ጉዳይ ነው፤ በሁለቱም ወገን ዑለማእ ተናግረውበታል። ጠቡ ሲከር ግን ቂጣው ራሱ የቡድን ምልክት ሆነ፤ የሚጋግረው የዚያ ወገን፣ የማይጋግረው የዚህ ወገን ተባለ። ዱቄትና ዘይት ግን ወገን የላቸውም። ወራሾቹ የቲሞች ሆነው ሳለ በገንዘባቸው የሚደገስ ሰደቃ እንዲቀር ማስተማር አንድ ነገር ነው፤ አሮጊቷ በራሷ እህል ጋግራ ለልጆች የምታድለውን ቂጣ መንቀፍ ሌላ ነው።

ለጠያቂው የሚሰጥ መልስ

ወደ ነጋዴው፣ ወደ ሠራተኛውና ወደ ተማሪዋ ልመለስ። ቻይና ለሚሄድ፣ «የላንዡ ኑድል» የሚል ሰሌዳ ያላቸው ትንንሽ ቤቶች ከደቡብ እስከ ሰሜን አሉ፤ ብዙዎቹን የሚያስተዳድሩት ከቺንግሃይ ክፍለ ሀገር ሁዋሎንግ አውራጃ የመጡ ሙስሊሞች ናቸው፤ ዋጋቸውም ለተማሪ አይከብድም። የ«ቺንግዠን» ምልክት መኖሩን፣ በቤቱም አስካሪ መጠጥ አለመሸጡን አይቶ ይግባ። ካምፕ ውስጥ ለሚሠራው ነገሩ ይጠብቃል፤ ሥጋውን ይተወዋል፣ የአትክልቱን ወጥ ግን ዝም ብሎ አይበላም። የተጠበሰው በአሳማ ስብ እንደሆነና መጠጥ እንደገባበት ይጠይቃል፤ ድስቱ ከአሳማ ሥጋ ድስት የተለየ ወይም በሚገባ የታጠበ መሆኑንም እንዲሁ። ንጹሕ ሩዝ፣ እንቁላል፣ ዓሣና አትክልት በንጹሕ ዕቃ ከቀረበለት፣ ያቀረበው ሰው ሙስሊም ባይሆንም ይብላ። እንዲያ ጠይቀው የራሳቸው ድስት የተለየላቸው ወጣቶች አውቃለሁ፤ የካምፑ ወጥ ሠሪም ቅር አላለውም፤ በአገሩ እንዲህ የሚጠይቁ ሰዎች መኖራቸውን ያውቅ ነበርና ገና ሲጠይቁት «ቺንግዠን?» ነበር ያላቸው።